ያነከሰው ፓምፕ፦ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ላቦራቶሪ ውስጥ ድምፅን ስለ ማድመጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ አዲስ ሞለኪውል ስለማግኘት ወይም አዲስ ንድፈ ሐሳብ ስለመቅረጽ አይደለም። ስለ ድምፅ ነው። በላቦራቶሪዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ያልተለመደ ድምፅ ሲያሰማ ምን እየነገረን እንደሆነና እኛስ ምን ማድረግ እንደሚገባን ልነግራችሁ አስቤያለሁ።

በመዝገባችን ላይ ግፊት ይጻፋል፤ የኮለሙ ሙቀት ይጻፋል፤ የሞገድ ርዝመት፣ የፍሰት መጠን፣ የናሙናው ቁጥር ይጻፋል። ድምፅ ግን አይጻፍም። ጆሮ እንደ ሳይንሳዊ መሣሪያ የማይቆጠር ይመስል፣ የሰማነውን ለቡና ሰዓት ጨዋታ እንተወዋለን። የዛሬው መከራከሪያዬ አጭር ነው። ድምፅ መረጃ ነው፤ ስለዚህም ሊመዘገብና ሊፈተን ይገባዋል። ከዚህም ጋር፣ ድምፁን አስቀድሞ የሰማው ሰው፣ የትምህርት ደረጃው ምንም ይሁን ምን፣ ሊደመጥ ይገባዋል።

ነገሩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ የካ ውስጥ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የምትሠራ ተማሪ ከመድኃኒት መደብሮች የተሰበሰቡ የፓራሲታሞል ክኒኖችን ትመረምር ነበር። አማካሪዋ እኔ ነበርሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የጠዋት ብርድ የላቦራቶሪውን መስኮት ዘልቆ ይገባል። የኮለሙ ማሞቂያ ከተበላሸ ቆይቶ ስለነበር ኮለሙ የሚሠራው በክፍሉ ሙቀት ነበር። ተማሪዋ ጠዋት ስታንዳርዶቹን አስገብታ ከጨረሰች በኋላ ናሙናዎቹን አስከተለች።

በዚያ ጠዋት የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ በሥራው ከእኔ ይልቅ ረጅም ዘመን ያሳለፉ ሴት፣ ወደ ቢሮዬ መጥተው «ዶክተር፣ ፓምፑ ዛሬ ያነክሳል» አሉኝ። እኔም ቀና ሳልል «አርጅቷል እኮ፤ ሁልጊዜም ይጮሃል፤ ይተዉት» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ሁለተኛ አልተናገሩም።

ከቀትር በኋላ ውጤቱ መጣ። የአንደኛው አምራች ክኒኖች በመለያው ላይ ከተጻፈው መጠን 89 በመቶ ብቻ ይዘው ተገኙ። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ለፓራሲታሞል ክኒን የሚፈቅደው ከ90 እስከ 110 በመቶ ነው። ስለዚህ ከደረጃ በታች የሆነ መድኃኒት አገኘን ማለት ነው። የተማሪዋ ፊት በራ፤ የእኔም ልብ ሞቀ። ጉልህ ግኝት ያለው ጥናት ሊሆን ነዋ። የሆነው ምን እንደነበረ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን «ያነክሳል» የሚለው ቃል ለምን ትክክለኛ እንደነበረ ለመረዳት መሣሪያውን መተዋወቅ ይኖርብናል።

ክሮማቶግራፊ በተወለደበት ጊዜ ድምፅ አልነበረውም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚካኤል ፅቬት እ.ኤ.አ. በ1903 ዋርሶ ላይ ዘዴውን ባስተዋወቀበት ጊዜ፣ የቅጠል ቀለሞችን የለየው እንደ ኖራ ባለ ዱቄት በሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ፈሳሽ በማውረድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ማርቲንና ሲንጅም ከብዙ የፓምፕ ጩኸት ጋር አልኖሩም። ድምፅ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። የኮለሙ መሙያ ቅንጣት እየደቀቀ ሲሄድ ፈሳሹን በዚያ ውስጥ ለማሳለፍ በመቶዎች ባር የሚቆጠር ግፊት አስፈለገ፤ ግፊቱን ለመስጠትም ፓምፕ ገባ። ከፓምፑ ጋር ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ሞተርና ማራገቢያ ተከተሉ። ኬሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ወደደም ጠላም፣ የመካኒክ ጎረቤት ሆነ።

መካኒክ ደግሞ በጆሮው ይሠራል። መገናኛ አካባቢ ያለ ጋራዥ ብትገቡ፣ ባለሙያው መኪናውን ከመፍታቱ በፊት «አስነሣው እስቲ» ይላል። የወፍጮ ቤት ሠራተኛም እህሉ አልቆ ድንጋዩ በባዶ ሲዞር ሳያይ ያውቃል። ሐኪሞችም ይህን ጥበብ አልናቁትም፤ ፈረንሳዊው ላዔኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የደረት ማዳመጫን የሠራው ድምፅን ከግምት ወደ ሥርዓት ለማሻገር ነበር። እኛስ ጆሮአችንን ለምን ከሥርዓት ውጭ አደረግነው?

አሁን ወደ ፓምፑ እንግባ። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ ፈሳሹን ከጠርሙሱ ይስባል፤ ወደ ፊት ሲመጣ ወደ ኮለሙ ይገፋል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ያሉት ቼክ ቫልቮች ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋሉ። በቫልቩ ውስጥ ከሩቢ የተሠራች ትንሽ ኳስ በሰንፔር መቀመጫ ላይ ትነሣለች፤ ትቀመጣለች። ፒስተኑ በአንድ ምት 100 ማይክሮሊትር የሚገፋ ነው እንበል። የፍሰቱ መጠን በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ከሆነ፣ በደቂቃ 10 ምት፣ ማለትም በየ6 ሰከንዱ አንድ ምት እንሰማለን። ጤናማ ፓምፕ እንደ ሰላማዊ እንቅልፍ ነው፤ ምቱ እኩል፣ ድምፁም ለስላሳ ነው።

ከዚህ ስሌት የመጀመሪያውና ዋነኛው የምርመራ ዘዴ ይወጣል። እንግዳ ድምፅ ስትሰሙ፣ ምንም ሳትፈቱ፣ ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ድምፁ ምት አለው ወይስ ያልተቋረጠ ነው? ምት ካለው በሰዓት ቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ የፍሰቱ መጠን ሲለወጥ ምቱ አብሮ ይለወጣል? ፍሰቱን ከ1 ወደ 0.5 ሚሊሊትር ዝቅ አድርጉ። በየ6 ሰከንዱ ይሰማ የነበረው በየ12 ሰከንዱ ከሆነ፣ ምንጩ የፓምፑ ፒስተን ወይም ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ምንም ካልተለወጠ ማራገቢያውን፣ የጋዝ ማስወገጃውን ወይም የኃይል አቅርቦቱን ጠርጥሩ። ናሙና በሚገባበት ጊዜ ብቻ ከተሰማ ደግሞ ወደ ናሙና ማስገቢያው ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ያው ምት በግፊቱ መስመርና በክሮማቶግራሙ መነሻ መስመር ላይ ይታያል? በጆሮ የተሰማው የ6 ሰከንድ ምት በስክሪኑ ላይም በየ6 ሰከንዱ ማዕበል ሆኖ ከታየ፣ ድምፁ ውጤታችን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም «ጩኸት» የምንለው የመነሻ መስመር መዋዠቅና በጆሮ የምንሰማው ጩኸት አንዳንድ ጊዜ የአንድ ችግር ሁለት መልኮች ናቸው።

ቦታውን ለመለየት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወይም የጠመዝማዛ መፍቻ እጀታ ወደ ጆሮ አስጠግቶ ሌላውን ጫፍ በመሣሪያው ሽፋን ላይ ማሳረፍ ይበቃል። በሚንቀሳቀሱ ክፍሎችና በኤሌክትሪክ አካላት ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

አሁን ድምፆቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው የማንኳኳት ወይም የመንቦጭቦጭ ድምፅ ነው። ፓምፑ በሚስብበት ጊዜ ፈሳሹ በበቂ ሁኔታ ካልደረሰው በመስመሩ ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሟሟ አየር ይወጣል፤ ሲብስም ፈሳሹ ራሱ ይተናል። አረፋው በፒስተኑ ሲጨመቅና ሲፈነዳ ይንኳኳል። በዚህ ጉዳይ ላይ የምንኖርበት ከፍታ ከመመሪያው ጸሐፊ የተለየ ሁኔታ ውስጥ ይከተናል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በየካ ተዳፋት ላይ፣ ወደ 75 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ሁለት ባለአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ወዳሉበት ወደ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ወደ 3200 ሜትር ብንወጣ፣ 68 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል። የሥነ ፈለክ ባለሙያ በዚህ ቀጭን አየር ይደሰታል፤ የክሮማቶግራፊ ባለሙያ ግን ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ፈሳሹን ከጠርሙሱ ወደ ፓምፑ የሚገፋው ይኸው የአየር ግፊት ነውና።

ሜታኖል በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የ13 ኪሎፓስካል ያህል የእንፋሎት ግፊት አለው። ስለዚህ ሜታኖል መትነን ሳይጀምር ሊወርድ የሚችለው የግፊት ልዩነት በባሕር ወለል ላይ 88፣ እዚህ ግን 62 ኪሎፓስካል ነው። ከመጠባበቂያችን ሲሶው ያህል ገና ከጅምሩ የለም። የመግቢያው ማጣሪያ ንጹሕ ሲሆን ይህ ልዩነት አይታወቅም። ማጣሪያው በከፊል ሲደፈን ግን፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ዝም ብሎ የሚሠራው ፓምፕ እዚህ ይንኳኳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠርሙሶቹን ከፓምፑ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፈሳሹን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉና አየሩን አስወግዱ። መስመሩን ከፓምፑ መግቢያ ላይ ፈትታችሁ ጫፉን ዝቅ ስታደርጉት ፈሳሹ በራሱ ክብደት በነፃነት መውረድ አለበት፤ በጠብታ ብቻ ከወረደ ማጣሪያው ተደፍኗል። የፎስፌት ባፈርን ለቀናት በጠርሙስ ውስጥ መተው የባክቴሪያና የአልጌ እርሻ መክፈት ነው፤ ማጣሪያውን ከሚደፍኑት አንዱ ይህ ነው። ውኃና ሜታኖል በመሣሪያው ውስጥ ሲደባለቁ አየር የመያዝ አቅማቸው ለየብቻ ሳሉ ከነበራቸው እንደሚያንስም አትርሱ፤ አረፋው በድብልቁ ውስጥ የሚወለደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመንጠቅ ወይም የማነከስ ድምፅ ነው። አንዱ ምት ጎልቶ ይሰማል፤ ቀጣዩ ይደክማል ወይም ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ይህ የቼክ ቫልቭ ምልክት ነው፤ ኳሷ ከመቀመጫዋ ተጣብቃለች ወይም በፓምፑ ራስ ውስጥ አረፋ ታስሯል። አሴቶናይትሪል ብቻውን በሚያልፍበት መስመር ላይ ከጊዜ ብዛት የሚጣበቅ ቅሪት በኳሷና በመቀመጫዋ ላይ እንደሚፈጠር የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የአየር ማስወጫውን ከፍታችሁ በከፍተኛ ፍሰት እጠቡ። ካልተሻለ ቫልቩን አውጥታችሁ በሜታኖል ወይም በአይሶፕሮፓኖል ውስጥ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ አጽዱት። ስትመልሱት የፍሰቱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ተመልከቱ፤ መግቢያውንና መውጫውን ማለዋወጥ በጥድፊያ የሚሠራ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው የመንጨርጨር ወይም የመሲጥ ድምፅ ነው፤ ደረቅ በር ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ። ምቱን ተከትሎ ከመጣ የፒስተኑ ሲል ደርቋል ወይም ጨው ተጋግሮበታል። ባፈር ተጠቅመን ሳናጥብ ስንሄድ ውኃው ተንኖ ጨው ይቀራል፤ የጨው ክሪስታልም በሰንፔር ፒስተን ላይ ለሚሄደው ሲል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ፎስፌት በብዙ አሴቶናይትሪል ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ከባፈር በቀጥታ ወደ ንጹሕ አሴቶናይትሪል መሻገር በመሣሪያው ውስጥ ጨው ማዝነብ ነው። በመጀመሪያ በውኃ፣ ከዚያም በኦርጋኒክ ፈሳሽ እጠቡ። መሣሪያው የሲል ማጠቢያ ካለው በ10 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ሙሉት። የሲል ዋጋ ከፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

አራተኛው የማያቋርጥ የቫኪዩም ፓምፕ ድምፅ ነው። በብዙ የጋዝ ማስወገጃዎች ላይ ትንሹ ፓምፕ ሲነሣ በርትቶ ይሠራል፤ ቫኪዩሙ ሲሞላ ያርፋል ወይም ይረጋጋል። ሳያርፍ የሚጮህ ከሆነ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። አንዳንድ ሞዴሎች ግን በዝቅተኛ ፍጥነት ዘወትር እንዲዞሩ ተደርገው ስለተሠሩ፣ የራሳችሁን መሣሪያ የጤና ድምፅ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

አምስተኛው ከናሙና ማስገቢያው የሚመጣ የመፋጨት ድምፅ ነው። የታጠፈ መርፌ፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ክዳን፣ የደረቀ ሐዲድ፣ ወይም ያረጀ የማስገቢያ ቫልቭ ሲል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «አንድ ጊዜ ደግመን እንሞክረው» የሚለው ፈተና ብዙ መርፌ ሰብሯል። አቁሙት፤ ከዚያ ተመልከቱ።

ስድስተኛው የማራገቢያ ጩኸት ነው። የአየሩ ቀጭንነት እዚህም ይመለከተናል። በ2500 ሜትር አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን የኤሌክትሪክ ደኅንነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኢሲ 61010፣ መደበኛ የሥራ ሁኔታ ብሎ የሚወስደው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። እኛ መሣሪያውን ከሳጥኑ ባወጣንበት ቅጽበት ከዚያ መስመር በላይ ነን። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ ሲጨመር ማጣሪያው ይታፈናል። ስለዚህ ስትገዙ አምራቹ የሚፈቅደውን ከፍታ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የአቧራ ማጣሪያውንም መመሪያው ከሚለው ቀድማችሁ አጽዱ።

ሰባተኛው የመንጣጣት ድምፅ ነው። እንደ ደረቅ ጭራሮ ከተንጣጣና የመቃጠል ሽታ ካለው፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ቀጭን አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙም ቀጭን ነው። እዚህ ምርመራ የለም፤ ከግድግዳው ላይ ይነቀላል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠራል። እንዲሁም የ«ሽሽ» ድምፅ ከሰማችሁ ፍሳሽን ጠርጥሩ፤ ፓምፑን አቁማችሁ፣ ግፊቱ ዜሮ መድረሱን አይታችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ መገጣጠሚያዎቹን በወረቀት ሶፍት ፈትሹ። በግፊት ላይ ያለ መገጣጠሚያ በመፍቻ አይነካም።

የመብራት መቆራረጥንም ሳላነሣ አላልፍም። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ፍሰት እንዲገባ አታድርጉ። በ0.2 ሚሊሊትር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ፤ በዚያም መካከል አድምጡ። ከመቋረጥ በኋላ ያለው የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ጆሮ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደዚያ የኅዳር ቀን ልመለስ።

ማታ ብቻዬን ሆኜ ክሮማቶግራሞቹን ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። የስታንዳርዱ ፓራሲታሞል የወጣው በ6.5 ደቂቃ ነበር፤ የናሙናዎቹ ግን በ6.0 ደቂቃ። ልዩነቱን ቀን አይቼው ነበር፤ «የጠዋት ብርድ ነው፤ ማሞቂያ የለንም» ብዬ ለራሴ አስረድቼ አለፍሁት። ብርድ በእርግጥ የመውጫ ጊዜን ያዘገያል። ማብራሪያው ስሕተት ሊሆን የሚችል አልመሰለኝም፤ አደገኛነቱም እዚሁ ላይ ነበር። በዚያ ማታ ግን ግፊቱን አየሁ። ጠዋት 184 ባር፣ ከቀትር በኋላ 200 ባር። ብርድ ፈሳሹን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ግፊቱ ከፍ ማለት ነበረበት እንጂ ዝቅ ማለት አልነበረበትም። የመውጫ ጊዜው በ8 በመቶ የዘገየውና ግፊቱ በ8 በመቶ የወረደው በአንድ ምክንያት ብቻ ሊሆን ይችላል። ፓምፑ ጠዋት 1 ሚሊሊትር ሳይሆን 0.92 ሚሊሊትር ብቻ ይገፋ ነበር። ከአንደኛው የፓምፕ ራስ ውስጥ አረፋ ታስሮ አድሮ ነበር። ስታንዳርዶቹ ካለቁ በኋላ በራሱ ጊዜ ወጣ። ፓምፑ በእርግጥም አነክሶ ነበር።

ተማሪዎች ይህን ልብ እንድትሉት እፈልጋለሁ። አልትራቫዮሌት ዲቴክተር የሚለካው መጠነ ትኩረትን ነው። ፍሰቱ ሲዘገይ ንጥረ ነገሩ በዲቴክተሩ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የፒኩ ስፋትም ይጨምራል። በ0.92 ፍሰት የስታንዳርዱ ስፋት በ8.7 በመቶ ገደማ አበጠ። ናሙናዎቹ ግን በትክክለኛው ፍሰት ወጡ። ያልሰፋውን ናሙና ባበጠ ስታንዳርድ ስናካፍለው፣ 97 በመቶ የነበረው መድኃኒት 89 በመቶ ሆነ። በማግስቱ ከናሙናዎቹ በፊትም፣ በመካከላቸውም፣ በኋላቸውም ስታንዳርድ እያስገባን ደገምነው፤ 97 በመቶ ሆነ። መድኃኒቱ ጤነኛ ነበር። የታመመው የእኛ ሥራ ነበር።

ያንን ውጤት ጽፈን ብናወጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የአንድ አምራች ስም ያለ ጥፋቱ ይነሣል፤ በዋጋው ርካሽ የሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚገዛው ክኒን ይጠረጠራል፤ የአንዲት ወጣት ተመራማሪ የመጀመሪያ ሥራ በሐሰት ላይ ይቆማል። ይህን ሁሉ ሊያስቀር የሚችለው መረጃ ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ቢሮዬ በእግሩ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የመለስሁት።

በማግስቱ ቴክኒሻኗን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ዶክተር፣ እኔ የሰማሁትን ነው የነገርሁዎት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም ነበር» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ድምፅ ማስረጃ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ወደ መለኪያ መለወጥ የእኔ የሥራ ድርሻ ነበር። መለኪያው ደግሞ ቀላል ነበር። የ10 ሚሊሊትር ቮልሜትሪክ ፍላስክ ከመውጫው ቱቦ ሥር አስቀምጦ በሰዓት መቁጠር ብቻ። በ1 ሚሊሊትር ፍሰት በ10 ደቂቃ ይሞላል፤ በዚያ ጠዋት ቢሆን 10 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላነሰ ትዕግሥት አንድ ሙሉ ጥናት ልናጠፋ ነበር።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም እውነት ልናገር። ድምፅ ሁሉ ብልሽት አይደለም፤ ብልሽት ሁሉም አይጮህም። የዲቴክተር መብራት በዝምታ ያረጃል። ኮለም በዝምታ ይሞታል። ቀስ ብሎ የሚያፈስ መገጣጠሚያም ድምፅ የለውም። ጆሮ የስታንዳርድን፣ የመቆጣጠሪያ ናሙናንና የመሣሪያ ብቃት ፍተሻን ቦታ ሊወስድ አይችልም። የምለው፣ ከእነርሱ ቀድሞ የሚደርስ ዘበኛ ነው። የጥገና ባለሙያ እስኪመጣና መለዋወጫ ከውጭ እስኪገባ ወራት በሚፈጅበት አገር ደግሞ፣ ቀድሞ የሚያነቃ ዘበኛ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በየላቦራቶሪው ጥግ ጨርቅ ለብሰው ከቆሙት መሣሪያዎች ስንቶቹ ከመቆማቸው በፊት ለሳምንታት እንደጮሁ አስቡ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ሐሳብ አድርጌ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የመሣሪያ መዝገብ ላይ «ድምፅ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። «እንደ ወትሮው» ብሎ መጻፍም ይበቃል፤ እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ሰው አስቀድሞ ማድመጥ አለበትና።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ፍሰትና ከተመሳሳይ ቦታ፣ የመሣሪያውን ድምፅ ለ30 ሰከንድ በስልክ ቅዱና ከነቀኑ አስቀምጡ። መሣሪያው ጤነኛ ሳለ የተቀዳ ድምፅ ከሌለ፣ በታመመ ጊዜ የምናወዳድርበት አይኖረንም። ይህ ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ለእኔ ቢጤ መምህራን ነው። ቴክኒሻኑ ወይም ተማሪው «ድምፁ ተለውጧል» ሲል፣ መልሳችን «ይተዉት» አይሁን። «መቼ ጀመረ? በየስንት ሰከንዱ ነው?» ይሁን። ላቦራቶሪ ውስጥ ማዕረግ ለድምፅ ደንቆሮ ሊያደርግ እንደሚችል በራሴ ላይ አይቻለሁ። በዚያ ቀን ቴክኒሻኗ ሁለተኛ ያልተናገሩት የሚሉት አጥተው አልነበረም፤ የሚሰማ ስላላገኙ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ በየትኛውም የግፊት መለኪያ ላይ አይታይም።

እርሳቸው ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው። ተማሪዋ ጥናቷን በትክክለኛው ውጤት አጠናቃ ተመርቃለች፤ ግኝቱ ጉልህ አልነበረም፤ የተመረመሩት ክኒኖች ደረጃቸውን የጠበቁ ሆነው ተገኙ። ለሚውጣቸው ሰው ከዚህ የተሻለ ዜና የለም።